አንድ ሳጥን፣ ሁለት ዲስክ

አጎቴ ኩታበር ከተማ ውስጥ የፎቶና የጽሕፈት ቤት ነበራቸው። የመታወቂያ ፎቶ ያነሳሉ፣ ሠርግ ይቀርጻሉ፣ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ የቅሬውን የአባላት ዝርዝር በየዓመቱ አስተካክለው ያትማሉ። (እኛ ወሎዎች እድርን ቅሬ ነው የምንለው።) ይሄ ሁሉ የሚቀመጠው 80 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ባለው አንድ አሮጌ ፔንቲየም 4 ላይ ነበር። በ2009 ክረምት ላይ ደውለው «በቃ ሞላ፤ አልቀበልም አለኝ» አሉኝ። የምህንድስና ተማሪ ስለነበርኩ በቤተሰቡ ዘንድ ኮምፒዩተር የሚያውቀው ልጅ እኔ ነኝ። ለእረፍት ስመለስ ከአዲስ አበባ ያገለገለ 500 ጊጋባይት ዲስክ ገዝቼ መጣሁ።

የሃርድ ዲስክ ታሪክ የቦታ ጥበት ታሪክ ነው። አይቢኤም በ1956 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሲያወጣ፣ እያንዳንዳቸው 61 ሳንቲ ሜትር የሚሰፉ 50 ሳህኖች የተደረደሩበት፣ ወደ አንድ ቶን የሚመዝን ቁምሳጥን ነበር። የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ነው፤ ዛሬ በስልክ የምናነሳት አንዲት ፎቶ ልትሞላው ትችላለች። በ1980 እ.ኤ.አ. ሲጌት የተባለው ኩባንያ ያንኑ ያህል የሚይዝ ዲስክ ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጥ ኮምፒዩተር ውስጥ እንዲገባ አድርጎ አሳነሰው። ቀጥሎ የመጣው አሠራር በአንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ኬብል ላይ ሁለት ዲስክ መሰካት ፈቀደ። ግን ማዕረግ ነበረው፦ ጃምፐር በምትባል ጥፍር በማታክል መሰኪያ አንዱ «ማስተር» ሌላው «ስሌቭ»፣ ማለትም ጌታና ባሪያ፣ ተብለው ይለያሉ። ሁለቱም ጌታ ነኝ ካሉ ኮምፒዩተሩ አንዳቸውንም ላያይ ይችላል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳታ የሚባለው አሠራር ሲመጣ ለእያንዳንዱ ዲስክ የራሱ ቀጭን ኬብል ተሰጠውና ጌትነቱም ባርነቱም ቀረ።

የአጎቴ ኮምፒዩተር በዚህ ሽግግር መሃል የተሠራ ነው። አሮጌው ዲስክ በሰፊው ኬብል ተሰክቷል፤ ማዘርቦርዱ ላይ ግን ማንም ያልነካቸው ሁለት የሳታ መሰኪያዎች አሉ። ፓወር ሳፕላዩ የሳታ ራስ ስላልነበረው ደሴ ወርጄ መቀየሪያ ገመድ ገዛሁ። የኬዙን ጎን ከፍቼ አቧራውን አራገፍኩ፤ አዲሱን ዲስክ ከአሮጌው በታች አስገባሁት። የሚሆነው ብሎን አንድ ብቻ ስለነበር በአንድ ብሎን አሰርኩት። ስናበራው የለም! ባዮስ ውስጥ ገብቼ ሳየው የሳታው መሰኪያ ተዘግቶ ኖሯል። ከፈትኩት፤ ፎርማት አደረግኩት፤ «ኢ» የሚል ፊደል ይዞ ብቅ አለ።

አጎቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን አዩ። «አምስት መቶ አልነበር ያልከኝ? ይሄ አራት መቶ ስድሳ አምስት ነው የሚለው። ሠላሳ አምስቱን ማን በላው?»

«ቁናው ተለያይቶ ነው» አልኳቸው። ፋብሪካው አንዱን ጊጋባይት በ1,000,000,000 ባይት ይሰፍራል፤ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,073,741,824። እህሉ ያው ነው፤ በትልቁ ቁና ሲሰፈር ቁጥሩ ያንሳል። «የነጋዴ ነገር!» ብለው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። ከእንግዲህ የሚያነሱትን ሁሉ «ኢ» ላይ እንዲያስቀምጡ አሳየኋቸው። የአሮጌውን ዲስክ ፋይሎችም ወደ አዲሱ መገልበጥ ጀመርኩ። ሩቡን ሳይጨርስ መብራት ሄደ። እስከ ማታ አልመጣም። በማግስቱ ጠዋት መሄጃዬ ነበርና «በሚቀጥለው ስመጣ እጨርሰዋለሁ» አልኩ። «አብሽር» አሉኝ። በሚቀጥለው ስመጣ ረሳሁት። ኮምፒዩተሩ በደንብ ይሠራል፣ ቦታ ሞልቷል፤ ማን ያስታውሰዋል?

ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ የኩታበር ሰው መውጣት ጀመረ። አጎቴ ደወሉልኝ። መኪናው ውጭ ቆሟል፤ ጥሩንባ ይሰማኛል። «ሙሉውን መጫን አይቻልም፤ የትኛውን ልንቀል?» አሉ። እኔም ሳላመነታ «አዲሱን» አልኩ። አሮጌው በአራት የዛገ ብሎን ታስሯል፤ አዲሱ በአንድ። ኬብሉን ነቅለው፣ ብሎኗን በካቻቢቴ ፈትተው፣ ዲስኩንና የሂሳብ ደብተራቸውን በነጠላ ጠቅልለው ወጡ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ደሴ ነፃ ስትወጣና ሲመለሱ ቤቱ ባዶ ነበር። ኮምፒዩተሩ ከነአሮጌው ዲስክ የለም።

አዲሱን ዲስክ አዲስ አበባ አምጥተው ኮምፒዩተሬ ላይ ሰካሁት። ከ2009 ወዲህ ያለው ሁሉ አለ፤ ከዚያ በፊት የነበረው ግን ከጥቂት ፎልደር በቀር የለም። ያኔ ነው የገባኝ፦ እኔ ለአጎቴ የጨመርኩላቸው ቦታ ነው እንጂ ቅጂ አይደለም። ሁለት ዲስክ ስላለ ሁለት ቅጂ ያለ ይመስላል። ደግሞም ተገልብጦ ቢሆን እንኳ ሁለቱ በአንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ሳጥኑን ያነሳ ሁለቱንም ያነሳል።

ይህን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር። ከደሴ ተነስቶ ኩታበርን አቋርጦ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ የሚያመራው ወደ ተንታና ወደ መቅደላ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራትና ከሌላም ቦታ ያሰባሰቧቸውን መጻሕፍት መቅደላ አምባ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አከማችተው ነበር። ዙሪያው ገደል ነው፤ ከዚያ የጠነከረ ማስቀመጫ ከየት ይመጣል? ሚያዝያ 6 ቀን 1860 አምባው ሲያዝ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ተዘረፈ። ዘረፋው በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ወረደ፤ ከብራናዎቹ 350 ያህሉ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። በ1872 እ.ኤ.አ. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ለእንግሊዝ ጻፉ። ሙዚየሙ ሲፈልግ ከመቅደላ የመጣ ሁለት ቅጂ አገኘና አንዱን መለሰ። ሁለት ስለነበር ነው አንዱ አገሩ የገባው።

ሌላው ትምህርት ደግሞ ከደሴ በስተሰሜን፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው ያለው። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በመባል የሚታወቀው የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብራና እዚያ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ሲጀመር ይህም ወንጌል ተነስቶ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮት ፈነዳ፤ ቢሆንም ቀጥሎ እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ድረስ 9,000 ያህል ብራናዎች ተነሱ። አንዱ የፊልም ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ሄደ፤ እዚያም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሠርት ዓመታት ዝርዝሩን ሲያዘጋጁ ኖሩ። እነዚያ ሰዎች የሠሩት እኔ ያልሠራሁትን ነው፦ ቅጂውን አራራቁት።

አሁን አጎቴ ሁለት ተንቀሳቃሽ ዲስክ አላቸው። አንዱ ሱቃቸው ነው፣ ሌላው ደሴ አክስቴ ቤት፤ በየወሩ ይቀያይሯቸዋል። ገልብጠው ሲጨርሱም ከቅጂው አንድ ሁለት ፋይል ከፍተው ያያሉ። ይቺን እንኳ እኔ አይደለሁም የነገርኳቸው።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ሱቁ መጥተው ነበር። ልጃቸው አረብ አገር ከሄደ ድምፁ ጠፍቷል፤ በ2006 ለትምህርት ቤት የተነሳው ጉርድ ፎቶ ካለ አሉ። አጎቴ ደብተራቸውን ገልጠው አሳዩኝ። የልጁ ስም አለ፣ ቀኑ አለ፣ የከፈለው ብር አለ፣ «4 ጉርድ» የሚል በእስክሪብቶ ተጽፏል። ፎቶው ብቻ ነው የሌለው።