ባለጸጋ

አማርኛችን ሀብታሙን የሚጠራበት ስም፣ አፋችን ስለ ለመደው ብቻ ሳናስተውለው የምናልፈው ምሥጢር አለው። ገንዘብ ያለውን ሰው «ባለገንዘብ» ብሎ መተው ሲችል «ባለጸጋ» ይለዋል። ጸጋ «ጸገወ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ ጸገወ ማለት ያለ ዋጋ ሰጠ፣ ቸረ፣ አደለ ማለት ነው። ስለዚህ ባለጸጋ በቁሙ ሲፈታ «የተሰጠው ሰው» ይሆናል። የአንድን ነጋዴ ሀብት በዚህ ቃል በጠራን ቁጥር፣ ዐወቅነውም አላወቅነውም፣ ሰጪ እንዳለው እየመሰከርን ነው።

በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቃሉን «ባለ ጠጋ» ብሎ ጽፎታል። ጸበል ጠበል፣ ጸሎትም በአንዳንድ አፍ ጠሎት እንደሚባለው ሁሉ ጸጋም ጠጋ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ስለ ግመልና ስለ መርፌ ቀዳዳ የተነገረውን ምሳሌ በአማርኛ የሚሰማ ሰው፣ በሌላ ቋንቋ የሚሰማው የማያገኘውን ይሰማል፤ በጠባቧ ቀዳዳ ፊት የቆመው ጭንቀታም ሰው ስሙ «የጸጋ ባለቤት» ነው! ይህን ባሰብሁ ቁጥር ሐሳቤ ወደ መርካቶ ይሄዳል። ቃሉ የሚፈተንበት ከዚያ የባሰ ስፍራ አላውቅምና።

ጸጋ ወደ ገበያ ከመውረዱ በፊት የሊቃውንት ቃል ነበር፤ ያከራከረ፣ ያወጋገዘ፣ ያሰደደም ቃል። በሸዋ «የጸጋ ልጅ» የሚባለው ትምህርት ሥር ሰድዶ ሳለ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው ለተዋሕዶ ተፈረደ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በጉባኤው ነበሩ። ክርክሩ ስለ ክርስቶስ ልደትና ቅብዐት እንጂ ስለ ምእመናን አኗኗር አልነበረምና እዚህ አላሰፋውም። ከ9 ዓመት በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ስትቆረቆር ግን ያ ሁሉ ጠብ ገና የትናንት ትዝታ ነበር። ሊቃውንቱ የተጣሉበትን ቃል ሕዝቡ ለገበያተኛው ስም አድርጎ መጠቀሙን ቀጠለ።

የከተማዪቱ ትልቅ ገበያ ያን ጊዜ በአራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ታቦት ደጅ ላይ ማር፣ ቅቤ፣ አሞሌ ጨው፣ አቡጀዲ ይሸጥ ነበር። ትልቁ የገበያ ቀን ደግሞ ቅዳሜ ነው። እዚህ ላይ ታሪክ ትንሽ ያሾፋል፤ ቅዳሜ እንደ እሑድ ትከበር ብለው አባ ኤዎስጣቴዎስ አጥብቀው ያስተማሩላት፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ያጸናላት ሰንበት፣ በምኒልክ ከተማ የሚዛንና የጩኸት ቀን ሆነች! ገበያው ቅዳሜን ወሰደ፤ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ቀረች። ዛሬም ቢሆን አብዛኛው የመርካቶ ሱቅ የሚዘጋው እሑድ ነው።

ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ጎን ለጎን መቆማቸው ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። ከ13ኛው መቶ ዓመት የግብጽ ሊቅ ከኢብን አል አሳል ሥራ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጽ አለው፤ ስለ ጸሎት ጊዜያት፣ ስለ ጾምና ስለ ምጽዋት የሚደነግገው ያው መጽሐፍ ስለ መሸጥና መግዛት፣ ስለ ብድርና ስለ መያዣም ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ325 የኒቅያ ጉባኤ በወለድ የሚያበድር ካህን ከክህነቱ እንዲሻር አዝዟል። ቀኑን ሙሉ ወለድ ስቆጥር የምውል የባንክ ጸሐፊ በመሆኔ ይህን ሳነብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም፤ ደግነቱ ካህን አይደለሁም።

ከዚያ ጠላት መጣ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ አዲስ አበባን ያዘች። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ቀናት ሕዝቡ ሲታረድ፣ ቤቱ ሲቃጠል፣ የአራዳ ጊዮርጊስም በእሳት ተለኮሰ። ፋሺስቶቹ ከተማዪቱን በዘር ለመክፈል ባወጡት ዕቅድ መሠረት የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነቅሎ ወደ ምዕራብ ተወሰደ። ሰፈሩ «አዲስ ከተማ» ተባለ፤ ገበያው ደግሞ በወራሪው ቋንቋ «መርካቶ»፣ ማለትም ገበያ ተባለና ቀረ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ስሙ አልወጣም።

በደጁ ይሸጥበት ከነበረው ቤተ ክርስቲያን የተነጠለው ነጋዴ ጸሎቱን እንዴት ያዘ? አንዱ መልስ ራጉኤል ነው፤ ቅዱስ ራጉኤልና ታላቁ አንዋር መስጊድ በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ጎረቤት ሆነው ቆመዋል። አንደኛው ለኪዳን ሲሄድ ሌላው ሱቁን ያይለታል፤ ዓርብ ቀትር ላይ ደግሞ ተራው ይለወጣል። ሌላው መልስ ከመደርደሪያው ሥር የምትቀመጠው ዳዊት ናት። በግእዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። በአገራችን ግን ሕፃን ማንበብ መቻሉ የሚታወቀው በዚሁ መጽሐፍ ነበር፤ «ዳዊት ደገመ» ይባልለታል። ደገመ የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። አማርኛ ዳዊትን «ማንበብ» አይልም። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ እንዲህ እያለ ቅዳሜ በ150ኛው ይዘጋል፤ በሚቀጥለው ሰኞ እንደ ገና ከ1 ይጀመራል። ሰው በሃይማኖቱ የሚያድገው በአንድ ሌሊት ራእይ ነው ብሎ የሚጠብቅ ካለ፣ ይህ ሥርዓት አይመቸውም። እኔ ግን ሒሳብ በየማታው ሲዘጋ በየጥዋቱም ሲከፈት ስለማይ የአባቶች ዘዴ ይገባኛል።

ይሁንና ከአፍ የሚወጣው ሁሉ ጸሎት አይደለም። መርካቶ ውስጥ የቅዱሳን ስም ከቤተ መቅደስ ይልቅ በዋጋ ክርክር ላይ ይጠራል። «ኪዳነ ምሕረትን! በዚህ ዋጋ ራሴም አልገዛሁት» ይላል ሻጩ። ወንጌል ግን ፈጽሞ አትማሉ፣ ነገራችሁ አዎን ወይም አይደለም ይሁን ትላለች። የጥዋቱን ውዳሴ ማርያም ያደረሰ አፍ ረፋዱ ላይ በዚያችው በድንግል ስም በሐሰት ሲምል፣ ጸሎቱን ማን ይሰበስብለታል? ታችዋ ወደ ውስጥ የተቀጠቀጠች የበርበሬ ጣሳ፣ አውራ ጣት ተደግፎባት ያጠረች ክንድ፣ እነዚህ ናቸው የዳዊቱን መደጋገም ባዶ የሚያስቀሩት። በዚያው ረድፍ ላይ ደግሞ «አባቴ፣ ይህ ጨርቅ ይለቃል፤ ይቅርብዎ» ብሎ ገበያውን የሚመልስ ነጋዴ ይገኛል። የሁለቱን ሰዎች ልዩነት በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመን ማወቅ አንችልም፤ ሁለቱም ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል።

ሦስተኛው መልስ ጽዋ ማኅበር ነው፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው። ከመርካቶ እጅግ ያረጀ ሥርዓት ነው። በ12 የሚካኤል፣ በ16 የኪዳነ ምሕረት፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም፣ በ29 የበዓለ ወልድ፤ አባላቱ በየወሩ በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፤ ዳቦው ይቈረሳል፤ ጠላው ይቀዳል። የማኅበሩ መሪ «ሙሴ» ይባላል፤ በግብጽና በከነዓን መካከል ሕዝብ ይዞ እንደሚጓዘው ማለት ነው። የተጣሉ አባላት ካሉ ጽዋው ከመቀመሱ በፊት ይታረቃሉ። በዚህ ረገድ ጽዋው ከፍርድ ቤት ይሻላል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ያልተከፈለ ዱቤ፣ የተነጠቀ ደንበኛ፣ የተሰበረ የሽርክና ቃል፣ ሁሉም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል።

የመርካቶ ባለጸጋ ጸጋው እንደ ተሰጠ ሁሉ ሊወሰድ እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቃል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በዐዋጅ ሲወርስ፣ በበረንዳ ንግድ ጀምሮ ቤት እስከ መሥራት የደረሰ ብዙ ሰው በአንድ ቀን ተከራይ ሆኗል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ በእሳት ሲነድድ ደግሞ፣ የዓመታት ልፋት በአንድ ሌሊት አመድ ሲሆን ከተማው ሁሉ በሰቀቀን ተመልክቷል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሁለት ዓይነት ቃል ይሰማል። አንዱ «እግዚአብሔር ምን በድዬው ነው?» ይላል፤ ሌላው ዝም ይላል፣ ቆይቶም «እሱ የሰጠው ነበር» ይላል። የመጀመሪያውን ሰው እምነት የለውም ብዬ አልፈርድበትም፤ ኢዮብም ጠይቋል። ሁለተኛው ግን ያን ቃል በዚያ ሌሊት አላገኘውም። ስንት ሰኞ ዳዊት ከ1 ጀምሮ እንደ ደገመ፣ ስንት ጊዜ ጣሳውን ሞልቶ እንደ ሰፈረ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ሱቁ የተቃጠለበት አባል የወር ተራው ቢደርስስ? ሥርዓቱ ለዚህም መልስ አለው። ሙሴው በዓሉ ሳይደርስ ጥቂት ሰዎችን ለብቻ ያነጋግራል፤ አንዱ ጌሾውን፣ አንዱ ዱቄቱን፣ አንዱ ስኳርና ቡናውን በማታ ያደርሳሉ። የሚያደርሱትም ቤቱ እንግዳ በሌለበት ሰዓት ነው። በዕለቱ ድግሱ የባለቤቱ ነው፤ ምስጋናውም ለእሱ ነው። ካህኑ ቤቱን ይባርካል፤ እሱም ከወገቡ ዝቅ ብሎ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ይላል። ሲመሽ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል፤ ተረኛው በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ በተዘጉት ሱቆች መካከል ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል።