የጫጩቶች ድንገተኛ ሞት

የጫጩቶች ድንገተኛ ሞት ማለት ከተፈለፈሉ ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ብቻ የሆናቸው ጫጩቶች፣ ግልጽ የሕመም ምልክት ሳይታይባቸው ወይም ምልክቱ በታየ በአጭር ጊዜ ውስጥ በብዛት መሞታቸው ነው። ይህ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ብርድ፣ ጥም፣ ባክቴሪያ፣ ቫይረስ፣ ሻጋታና መርዝ ሁሉ ይህን ሊያስከትሉ ይችላሉ። የሞቱ ምንጭ ብዙ ጊዜ በእናት ዶሮዋ፣ በመፈልፈያው ወይም በመኖው ውስጥ ስለሚገኝ፣ ምክንያቱን ለማወቅ የሞተውን ጫጩት ብቻ መመርመር አይበቃም።

የሞት ዕድሜና ሁኔታ

ለምርመራው የመጀመሪያው ፍንጭ ጫጩቶቹ በስንተኛው ቀን እንደሞቱ ማወቅ ነው።

• የመጀመሪያው ሳምንት፦ የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል። ጫጩት የተረፈውን አስኳል በሆዱ ይዞ ስለሚወጣ ለሁለትና ሦስት ቀን ያህል ሳይበላ መቆየት ይችላል። ስለዚህ መብላትና መጠጣት ያልጀመሩ ጫጩቶች ወዲያው አይሞቱም፤ ሞቱ የሚበዛው አስኳሉ ሲያልቅ፣ በ4ኛውና በ5ኛው ቀን ገደማ ነው። በዚሁ ሳምንት የእምብርትና የአስኳል ከረጢት መመረዝም ይከሰታል። ሆዱ ያበጠ፣ እምብርቱ ያልተዘጋና መጥፎ ሽታ ያለው ጫጩት ወደ ቆሸሸ እንቁላል ወይም ንጽሕና ወደጎደለው መፈልፈያ ይጠቁማል።

• 2ኛውና 3ኛው ሳምንት፦ ፑሎረም የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ በብዛት የሚገድለው በዚህ ጊዜ ነው። ነጭ ኩስ በጫጩቱ መቀመጫ ላይ ተለጥፎ ይታያል። አፋቸውን ከፍተው በችግር የሚተነፍሱ ከሆነ ደግሞ ከሻገተ ጉዝጓዝ ወይም መኖ የሚመጣ የሳንባ ሕመም ይጠረጠራል።

• ከ3ኛው ሳምንት በኋላ፦ ደም የተቀላቀለበት ኩስ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን በሽታ ዋና ምልክት ነው። ጉምቦሮ የተባለው የቫይረስ በሽታም ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ዕድሜ ይበረታል፤ ሞቱ በፍጥነት ጨምሮ በሳምንት ገደማ ውስጥ ይቀንሳል።

የሞቱ አካሄድም ሌላ ፍንጭ ነው። በየቀኑ እየጨመረ የሚሄድ ሞት ተላላፊ በሽታን ያመለክታል። ሲመሽ ደህና የነበሩ ብዙ ጫጩቶች ሲነጋ በአንድነት ሞተው ከተገኙ ግን በቅድሚያ ብርድ፣ መታፈን ወይም መርዝ ይጠረጠራል። በብርድ ጊዜ ጫጩቶች ጥግ ይዘው ስለሚደራረቡ ከታች ያሉት ይታፈናሉ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ ጫጩቶቹን ብቻ ሳይሆን በዚያው ክፍል የሚያድሩ ሰዎችንም ይገድላል።

ታሪካዊ ምሳሌዎች

ነጭ ተቅማጥ፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ብዙ ጫጩቶች ነጭ ተቅማጥ እየያዛቸው ያልቁ ነበር። ሊዮ ሬትገር የተባለው የባክቴሪያ ተመራማሪ በ1900 እ.ኤ.አ. ምክንያቱ ባክቴሪያ መሆኑን አሳወቀ። ይህ ባክቴሪያ ዛሬ ሳልሞኔላ ፑሎረም ይባላል። ነገር ግን ተሕዋሱ መታወቁ ብቻውን ሞቱን አላስቆመም፤ ቤቱን ያጸዱ አርቢዎችም አዲስ ጫጩቶች ሲያስገቡ በሽታው ይመለስባቸው ነበር። ሬትገርና የሥራ ባልደረቦቹ በኮነቲከት ግዛት ባደረጉት ተከታታይ ጥናት፣ ባክቴሪያው ጤነኛ በሚመስሉ እናት ዶሮዎች የእንቁላል እጢ ውስጥ እንደሚኖርና በእንቁላሉ በኩል ወደ ጫጩቱ እንደሚተላለፍ አረጋገጡ። በ1913 እ.ኤ.አ. ተሸካሚ ዶሮዎችን በደም ምርመራ መለየት የሚያስችል ዘዴ ተገኘ። በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ብሔራዊ የዶሮ ማሻሻያ ዕቅድ ተጀመረ፤ ተሸካሚ እናት ዶሮዎች እየተመረመሩ እንዲወገዱ በመደረጉም በሽታው ከንግድ እርባታዎች ሊጠፋ ቻለ።

የኤክስ በሽታ፦ በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ተርኪ የተባለው ትልቅ የቤት ወፍ ከ100,000 በላይ ጫጩቶች በጥቂት ወራት ውስጥ ሞቱ። ምክንያቱ ስላልታወቀ በሽታው «ኤክስ» ተባለ። መጀመሪያ ቫይረስ ተጠርጥሮ ነበር፤ ሆኖም በሽታው ከታመመ ወደ ጤነኛ ወፍ አይተላለፍም ነበር። የሞት መዝገቡ ከመኖ ግዢ ጋር ሲነጻጸር ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ የጋራ ምንጭ ሆኖ ተገኘ። በፋጉሎው ላይ የበቀለው አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለ ሻጋታ መርዝ ያመነጭ ነበር፤ መርዙም ከሻጋታው ስም ተወስዶ አፍላቶክሲን ተባለ። ከጊዜ በኋላ አፍላቶክሲን በሰው ላይ የጉበት ካንሰር እንደሚያስከትል ተረጋግጧል። በመሆኑም በጫጩቶች ሞት የተጀመረው ፍለጋ ለሰው ምግብ ደኅንነትም መሠረት ሆነ።

የምርመራ አካሄድ

ምርመራው ከመዝገብ ይጀምራል። ጫጩቶቹ የተገዙበት ቦታ፣ የተፈለፈሉበት ቀን፣ በየቀኑ የሞቱት ብዛት፣ የመኖው ዓይነትና የተገዛበት ቀን፣ የተሰጠው ክትባትና መድኃኒት፣ እንዲሁም የቤቱ ሙቀት ይመዘገባል። ከአንድ መፈልፈያ ጫጩት የገዙ ሌሎች አርቢዎችም ሞት ከገጠማቸው ምንጩ መፈልፈያው ወይም እናት ዶሮዎቹ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ዓይነት መኖ የገዙት ብቻ ከተጎዱ ጥርጣሬው ወደ መኖው ያዘነብላል።

ቀጥሎ በድኑ ተከፍቶ አስኳሉ፣ ጉበቱ፣ ሳንባውና አንጀቱ ይታያል። ለላቦራቶሪ በቅርቡ የሞቱ በርካታ ጫጩቶችና በሕይወት ያሉ የታመሙ ጫጩቶች ቢላኩ ይመረጣል። በድኑ በበረዶ መያዣ ቀዝቅዞ በፍጥነት መድረስ አለበት፤ ከበረደ በኋላ ወደ በረዶነት መለወጥ ግን የለበትም፤ የሰውነቱ ክፍሎች ስለሚበላሹ ምርመራውን ያስቸግራል። ናሙናው የሚወሰደው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ አለዚያ ባክቴሪያው በላቦራቶሪ ላይበቅል ይችላል። በድን የሚነካ ሰው ጓንት ማድረግና እጁን በሳሙና መታጠብ ይኖርበታል።

ምክንያቱ ሳይታወቅ መድኃኒት መስጠት ጉዳት አለው። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ብርድን፣ መርዝንም ሆነ ቫይረስን አያክምም፤ በፑሎረም የተያዙ ጫጩቶችም ከሞት ቢተርፉ ተሸካሚ ሆነው ሊያድጉና በሽታውን ለቀጣዩ ትውልድ ሊያስተላልፉ ይችላሉ።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ በሰፊው የሚታወቀው የዶሮ ገዳይ በሽታ ፈንግል ነው። በመሆኑም ማንኛውም የጅምላ ሞት «ፈንግል» ሊባል ይችላል። ሆኖም ፈንግል በሁሉም ዕድሜ ያሉ ዶሮዎችን የሚያጠቃ በመሆኑ፣ ትልልቆቹ ደህና ሆነው ጫጩቶች ብቻ ሲሞቱ ሌሎች ምክንያቶችም መታየት አለባቸው። ጉምቦሮ በአገሪቱ መኖሩ በጥናት የተዘገበው በ2005 እ.ኤ.አ. በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) ነው። አፍላቶክሲንም ለከብትና ለዶሮ መኖነት በሚውለው የኑግ ፋጉሎ ውስጥ ተገኝቷል።

በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባቶችን ያመርታል። የበሽታ ምርመራ ደግሞ በሰበታው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትና በክልል ላቦራቶሪዎች ይካሄዳል።

መከላከል

ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያስፈልጋቸዋል፤ ሙቀቱ በየሳምንቱ ወደ 3 ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። መብራት በማይደርስበት አካባቢ የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት በሳር ይዞ የሚያቆይ «ሃይ ቦክስ» የተባለ ሳጥን ጥቅም ላይ ይውላል። እንደደረሱ ውኃ ማጠጣት፣ ደረቅ ጉዝጓዝ ማንጠፍ፣ የሻገተ መኖ አለመስጠትና ጫጩት ከታወቀ መፈልፈያ መግዛት አብዛኛውን ሞት ያስቀራል።