በታይመስ ዕብጠት ውስጥ ስለሚገኙት ሆርሞን አመንጪ ሕዋሳት

ታይመስ ከፍርምባ በስተኋላ ከልብ በላይ የሚገኝ፣ በልጅነት ጊዜ ጎልቶ የሚታይ፣ ዕድሜ በገፋ ቍጥር ግን እየከሳ ወደ ስብነት የሚለወጥ ዕጢ ነው። የሥራው ምንነት ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቆይቶ፣ ለሰውነት መከላከያ ያለውን አስፈላጊነት ዣክ ሚለር በለንደን ያሳዩት በ1961 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው የዘመን አቈጣጠር ሁሉ የአውሮፓ ነው። አማርኛ «ዕጢ» የሚለውን ቃል ለጤነኛው አካልም ለበሽታውም ስለሚሰጥ፣ እዚህ ላይ በሽታው «ዕብጠት» ተብሏል።) ከዚህ ዕጢ የሚነሣ ዕብጠት ከሩቅ ሆኖ አድሬናልን የሚያዝዝ ሆርሞን ያመነጫል ብሎ የሚጠረጥር በዚያ ዘመን አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማስረጃው ግን ቀደም ብሎ በጽሑፍ ሰፍሮ ነበር። በ1931 ዓ.ም. ሌይተን፣ ተርንቡልና ብራተን የተባሉት የለንደን ሐኪሞች የታይመስ ነቀርሳ ከብዙ ዕጢዎች መዛባት ጋር ተያይዞ መታየቱን በአንድ የፓቶሎጂ መጽሔት አሳተሙ። በዓመቱ፣ በ1932፣ የቦስተኑ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሕመም አብራርተው ገለጹ፤ ይኸውም የፊት መክበብ፣ የሆድና የትከሻ መወፈር፣ የጡንቻ መመንመን፣ የቆዳ መሳሳትና የደም ግፊት መጨመር ነው። ምክንያቱንም በፒቱታሪ ዕጢ ላይ ጣሉት። የኩሺንግ ማብራሪያ ለአብዛኞቹ ሕሙማን ትክክል በመሆኑ ኃይሉ ከፍ ያለ ነበር፤ የለንደኑ ጽሑፍ ግን በዚህ ማብራሪያ ውስጥ ማረፊያ አላገኘም። ለዚህም ሐኪሞቹ አይወቀሱም። ከፒቱታሪ ወደ አድሬናል ትእዛዝ የሚያደርሰው ኤ.ሲ.ቲ.ኤች. ተጣርቶ የወጣው ገና በ1943 ነው። ከፒቱታሪ ውጭ ያሉ ዕብጠቶች ይህንኑ ሆርሞን ሊሠሩ እንደሚችሉ ግራንት ሊድልና የሥራ ጓደኞቻቸው በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ ያስረዱት ደግሞ በ1962 ነው።

ከዚህ በኋላ እንኳ ጥፋቱ በስሙ ላይ ቀረ። በታይመስ ላይ የበቀለ ዕብጠት ሁሉ ብዙውን ጊዜ «ታይሞማ» ተብሎ በአንድ ከረጢት ይከተት ነበር። ሊለይ የሚችልበት መሣሪያ ግን ጠፍቶ አይደለም። ኩልቺትስኪ በ1897 በአንጀት ውስጥ ልዩ ጠጠር ያላቸውን ሕዋሳት ገልጸዋል፤ ፒየር ማሶን በ1914 እነዚህ ሕዋሳት የብር ቀለም እንደሚቀበሉ አሳይተዋል። ይሁን እንጂ የአንጀትን ነገር በደረት ውስጥ የሚፈልግ ጥቂት ነበር።

ከረጢቱን የፈቱት ኋን ሮሳይና ኤሊሴዮ ሂጋ ናቸው። በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ 8 ዕብጠቶችን መርምረው፣ እነዚህ እንደ እውነተኛው ታይሞማ ሊምፎሳይት የተቀላቀለባቸው ሳይሆኑ፣ ሕዋሳታቸው በጥብጣብና በጽጌረዳ መልክ የተደረደሩ፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕም ሲታዩ የሆርሞን ጠጠር የያዙ መሆናቸውን አስረዱ፤ ከካርሲኖይድ ወገንም አስጠጓቸው። በዚያው ዓመት ይህ ዕብጠት በዘር ከሚተላለፈው የብዙ ዕጢዎች ሕመም ጋር ዝምድና እንዳለው ጨምረው ገለጹ። ሥራው አዲስ መሣሪያ ከመፍጠር ይልቅ በመደርደሪያ ላይ የነበረውን መስተዋት እንደገና ከመመልከት የመጣ መሆኑ ሊደነቅ ይገባዋል።

የስሙ ጉዳይ የቃላት ክርክር ብቻ አልነበረም። ኮርቲዞን ከተገኘ በኋላ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ፣ ሁለቱን አድሬናል ዕጢዎች በቀዶ ጥገና ማውጣት የታወቀ ሕክምና ሆነ። የሆርሞኑ ምንጭ በደረቱ ውስጥ የሆነ ሕመምተኛ በዚህ መንገድ ከሆርሞኑ ጉዳት ቢድንም፣ ጤነኛ የነበሩትን አድሬናሎቹን ከፍሎ ነቀርሳውን ይዞ ይቀር ነበር።

አዲሱም ስም የራሱ ችግር ነበረው። «ካርሲኖይድ» ማለት ነቀርሳ መሰል ማለት ሲሆን፣ ቃሉን በ1907 ያወጡት የሙኒኩ ኦበርንዶርፈር ገርነቱን ለማመልከት ነበር፤ በ1929 እርሳቸው ራሳቸው አንዳንዱ ክፉ ሊሆን እንደሚችል አምነዋል። የታይመሱ ደግሞ ከክፉዎቹ ወገን ነው። ከወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ይመለሳል፤ ወደ አጥንትም ይዘራል። በ2015 የታተመው የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ እነዚህን ሁሉ የነርቭና የሆርሞን ጠባይ ባላቸው ዕብጠቶች ሥር ለብቻቸው መድቧቸዋል።

ሕዋሳቱ ከየት መጡ ለሚለው ጥያቄ፣ ፒርስ በ1960ዎቹ መጨረሻ በለንደን ሆነው ሁሉንም ከሽሉ የነርቭ ጠርዝ ሊያወጧቸው ሞክረው ነበር። ኒኮል ለ ዷረን ግን የድርጭት ሕዋሳትን በዶሮ ሽል ላይ በመትከል የአንጀቶቹ ከዚያ እንዳልመጡ አሳዩ። በጤነኛው የሰው ታይመስ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሕዋሳት እጅግ ጥቂት ስለሆኑ፣ የዕብጠቱን ትውልድ መቍጠር ዛሬም አስቸጋሪ ነው።

በ1997 በዘር ለሚተላለፈው ሕመም ምክንያት የሆነው ጅን በ11ኛው ክሮሞሶም ላይ ተለይቶ ታወቀ። በዚህ ሕመም የተያዙ ሰዎች የታይመስ ዕብጠት በአብዛኛው በወንዶች፣ ይልቁንም በአጫሾች ላይ ይታያል። ኤ.ሲ.ቲ.ኤች. የሚያመነጨውም ጥቂቱ ብቻ በመሆኑ ብዙው ድምፅ ሳያሰማ ያድጋል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሞች የፓራታይሮይድ ዕጢዎችን ሲያወጡ በአንገት በኩል የሚደረስበትን የታይመስ ክፍል አብረው ያነሣሉ። ሆኖም ከተረፈው ቍራጭ ዕብጠት የበቀለባቸው ሕሙማን ስለታዩ፣ የደረት ምርመራው ከቀዶ ጥገናው በኋላም በየጊዜው ይቀጥላል።