የሜዳ ዳኛና ይግባኝ

በችሎት ተቀምጦ የሰውን ነገር የሚሰማውም፥ ፊሽካ ይዞ በሜዳ ላይ የሚሮጠውም በቋንቋችን ስማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱንም ዳኛ እንላቸዋለን። ይህ አጠራር ያለ ምክንያት የመጣ አይመስለንም። ሕዝባችን ከሜዳው ዳኛ የሚጠብቀው ከችሎቱ ዳኛ የሚጠብቀውን ያንኑ ነገር፥ ይኸውም ሚዛን ሳያጋድል መፍረድን ነው። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በፊት ድረስ በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት ነበረ። በችሎት የተረታ ሰው ይግባኝ ብሎ ወደ በላይ ዳኛ ይሄዳል፤ በሜዳ የተበደለ ግን የሚሄድበት አልነበረውም። በዚህ ጽሑፋችን የሜዳው ይግባኝ እንዴት እንደ ተወለደ፥ ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞችም ስለዚሁ ጉዳይ ምን እንደሚያስተምሩን ለመመርመር አስበናል።

ይግባኝ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞ ዘመን ሁለት ባለጉዳዮች በመንገድ ዳር አላፊ አግዳሚውን ዳኛ አድርገው ነገራቸውን ያሰሙ ነበር፤ ፍርዱ ያልጣመው ወገንም ከዳኛ ወደ ዳኛ እየወጣ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ችሎት ይደርስ ነበር። በጅማም፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር በጅሬን ኮረብታ ላይ የነበራቸው ግቢ መኖሪያ ብቻ ሳይሆን የፍርድም ስፍራ ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የዚህን ሁሉ ምስጢር በአጭሩ ይገልጻል። ሰው በቅሎውን ቢያጣ፥ አግባብ ባለው ፍርድ የተረታ እንደ ሆነ ይችለዋል፤ ያለ ፍርድ የተወሰደችበት ጭብጦ ግን እድሜውን ሙሉ ታንገበግበዋለች። እንግዲህ የሚያስቈጨው የጠፋው ነገር ትልቅነት ሳይሆን የጠፋበት መንገድ ነው።

የእግር ኳስ ሕግ ግን ለብዙ ዘመን ይግባኝን አልፈቀደም። በሜዳ ላይ ስለ ተፈጸመው ነገር የዳኛው ውሳኔ የመጨረሻ ነው ተብሎ ተደነገገ። ይህም ከጭካኔ የመጣ አልነበረም። ጨዋታው 90 ደቂቃ ብቻ ስለ ሆነ በየጥፋቱ ክርክር ቢከፈት ከቶ አያልቅም፤ ደግሞም ዳኛው ያየውን አንድ ጊዜ አይቶ የሚፈርድ እንጂ ያለፈውን መልሶ የሚያይበት መሣሪያ አልነበረውም። ሰው የማይችለውን ነገር ሕግ አያዘውም።

ዳኝነቱ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የ2010 ዓ.ም. ውድድር ያሳየናል። በዚያ ዓመት ጅማ አባ ጅፋር ከታችኛው ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት የኢትዮጵያን ፕሪምየር ሊግ ዋንጫ ወሰደ። ተወዳዳሪዎቹ 16 ነበሩ፤ እያንዳንዱ ክለብ 30 ጊዜ ተጫውቷል። ነገር ግን ጅማ አባ ጅፋርና ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጥብ እኩል ስለ ሆኑ አንደኛውን ከሁለተኛው የለየው የጎል ልዩነት ብቻ ነበር። የጅማ ልጆች ድላቸውን በእግራቸው ያገኙት መሆኑን ማንም አይክድም። እኛ ለማስተዋል የምንሻው ሌላውን ነው። ዋንጫ በጎል ልዩነት ሲወሰን በ30ው ጨዋታ ውስጥ የምትጸድቅም ሆነ የምትሻር አንዲት ጎል የዓመቱን ድካም ልትለውጥ ትችላለች። ዳኛው በዓይን ጥቅሻ የሚሰጠው ፍርድ ይህን ያህል ሸክም አለበት።

በዚያው ዓመት፥ ሚያዝያ 22 ቀን፥ ሸክሙ በዳኛ ላይ ሲወድቅ አየን። በአዲስ አበባ በመከላከያና በወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርስቲ መካከል በተደረገው ጨዋታ ዳኛው የመከላከያን ጎል ስላጸደቀ የወልዋሎ ተጫዋቾች አሳደው ደበደቡት። ዳኞች አናጫውትም አሉ፤ ፌዴሬሽኑም ሊጉን ለጊዜው አቋረጠ። በዳኛ ላይ እጅን ማንሣት በምንም ምክንያት የማይደገፍ ነውር ነው። ነገር ግን ነውሩን ካወገዝን በኋላ ምክንያቱንም መጠየቅ ይገባናል። በዚያ ሜዳ የተቈጣ ሰው አቤቱታውን የሚያሰማበት፥ ዳኛውም ፍርዱን መልሶ የሚመረምርበት ፈጣን መንገድ አልነበረም። በር በሌለበት ቤት ቍጡ ሰው ግድግዳ ይመታል።

ሌሎች አገሮች ይህን በር ለመክፈት ብዙ ደክመዋል። ከሁሉ ቀድመው ከሞከሩት አንዱ የአሜሪካ ፉትቦል ነው፤ ይህም ተጫዋቾች ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበትና የሚወረውሩበት፥ ከእኛ እግር ኳስ የተለየ ጨዋታ ነው። የዚያ አገር ብሔራዊ ሊግ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1986 የዳኞችን ውሳኔ በፊልም መልሶ ማየት ጀመረ፤ ሆኖም ከ1991 ውድድር በኋላ ተወው። በ1999 እንደገና ሲያስገባው ግን ልክ አበጀለት፤ አሠልጣኙ ይግባኝ የሚልባቸው ጊዜያት የተቈጠሩ ሆኑ፥ ይግባኙም ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ቡድኑ ካለው የእረፍት ጥሪ አንዱን ይቀጣል። በጥር 2019 ደግሞ በኒው ኦርሊንስና በሎስ አንጀለስ ቡድኖች ጨዋታ ሁሉ ያየው ጥፋት በዳኞች ታለፈ፤ የዚያ ዓይነቱ ጥፋት በፊልም ከሚመረመሩት ውስጥ አልተቈጠረም ነበርና ሊታረም አልቻለም። ከቍጣው የተነሣ ለአንድ ዓመት እንዲመረመር ፈቀዱ፤ ሆኖም ፊልሙን እያዩም ሊስማሙ ስላልቻሉ በዓመቱ ሻሩት። ከዚህ የምንረዳው፥ ፊልም የሆነውን ነገር ቢያሳይም የሰውን አስተያየት አንድ ሊያደርግ አለመቻሉን ነው።

ወደ እግር ኳስ የገባው በየካቲት 2010 ዓ.ም. ነው። የጨዋታው ሕግ አውጪዎች የቪዲዮ ረዳት ዳኛ እንዲኖር ፈቀዱ፤ ሥልጣኑን ግን በአራት ነገር ወሰኑት፥ እነርሱም ጎል፥ ፍጹም ቅጣት ምት፥ ቀጥተኛ ቀይ ካርድና የተቀጪውን ማንነት መሳሳት ናቸው። ከዚህም ጋር ስሕተቱ ግልጽ መሆን አለበት፤ የመጨረሻውም ቃል የሜዳው ዳኛ ነው። በዚያው ክረምት በሩሲያ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ላይ ሥራው ሲጀመር ከአፍሪካ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ኢትዮጵያዊው ባምላክ ተሰማ ነበሩ። በአገራችን ዳኛ በተደበደበበት ዓመት የአገራችን ዳኛ በዚያ የታሪክ ምዕራፍ ውስጥ መገኘታቸው የሚያስገርም ግጥምጥም ነው።

መሣሪያው ብቻውን ግን ሰላም አያመጣም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በቱኒዝያ በተደረገው የአፍሪካ ክለቦች ፍጻሜ የሞሮኮው ዊዳድ ያገባው ጎል ተሻረ፤ ተጫዋቾቹ በቪዲዮ ይታይልን ሲሉ መሣሪያው አይሠራም ተባለ። አንጫወትም ብለው ቆሙ፤ ጨዋታውም ሳይፈጸም ቀረ። ይግባኝ አለ ተብሎ ሳይኖር ሲቀር ከመጀመሪያውም ካለመኖሩ የከፋ ቅሬታ ያስከትላል።

ይህን ሁሉ ከሩቅ አገር ከመማራችን በፊት ወደ ጅማ፥ ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ መለስ ብለን ብናይ፥ በዚያ ሌላ ዳኛ እናገኛለን። እርሱም ቡና ቀማሹ ነው። ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ በገባ ጊዜ የወጣው ሥርዓት እንዲህ ነበር። ከአቅራቢው ቡና ናሙና ይወሰዳል፤ የባለቤቱ ስም ተሰውሮ በምስጢር ቁጥር ብቻ ወደ ቀማሹ ይቀርባል። ከመቶው 40 ለጥሬው ፍሬ፥ 60 ደግሞ ለሲኒው ጣዕም ይሰጥና ደረጃው ይታወቃል። በአንድ ደረጃ ልዩነት የብዙ ወራት ድካም ዋጋ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ደረጃው ያልተስማማው አቅራቢም እንደገና ይመርመርልኝ ለማለት መብት አለው።

በዚህ ሥርዓት ሦስት ቁም ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፥ ዳኛው የማንን ነገር እንደሚዳኝ አያውቅም። የሜዳው ዳኛ ማልያውን ስለሚያይ ይህን ሊያገኝ አይችልም፤ ስለዚህ ከሕዝቡ ጩኸት የራቀ ሁለተኛ ዓይን ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፥ መልሶ ለመመርመር የሚሆን ማስረጃ መቀመጥ አለበት፤ ለቡናው ናሙና ለኳሱ ፊልም ማለት ነው። ሦስተኛ፥ ይግባኙ መጨረሻ አለው፤ ያለዚያ ቡናው አይሸጥም፥ ጨዋታውም አያልቅም። ከሦስቱም የሚበልጥ አራተኛ ነገር ግን አለ። ከጆንያው ናሙናውን የሚወስደው ሰው ያልታመነ እንደ ሆነ የቀማሹ ምላስ የቱን ያህል ቢነጥር ፍርዱ ጠማማ ይሆናል። ካሜራውም ያለ ታማኝ ሰው እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ነገሩ ወደ ሰው ይመለሳል። ከጅማ የወጣችው ልድያ ታፈሰ በጥር 2013 ዓ.ም. በካሜሩን በተደረገው የአፍሪካ አገሮች የወንዶች ውድድር የናሚብያንና የታንዛንያን ጨዋታ ከማላዊና ከናይጄሪያ ከመጡ ሴቶች ረዳቶች ጋር መርታለች። ሴቶች ብቻ የሆኑ የሜዳ ዳኞች እንዲህ ያለውን የወንዶች ውድድር በአህጉሩ ሲመሩ ያ የመጀመሪያ ነበር። ለዚያ ያበቃት የልምምድና የሕግ ዕውቀት ነው።

ለትምህርት ቤቶቻችንና ለወረዳ ሜዳዎቻችን ውድ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልገንም። የቡድኑ አምበል በጨዋነት የሚናገርበት መንገድ ይኑር፤ ዳኛው የፈረደበትን ምክንያት በጽሑፍ ያኑር፤ የሚመረምር ኮሚቴ ይሰየም፤ ምርመራውም ለአሸናፊውና ለተሸናፊው እኩል ይነበብ። ፍርዱን መልሶ የሚያይ ዳኛ አላወቀም አይባልም፤ ከራሱ ክብር ይልቅ እውነትን አስበለጠ ይባላል እንጂ። ወጣቶቻችን በሜዳ ላይ በፍርድ መሸነፍን ከለመዱ፥ ነገ በችሎትም፥ በቢሮም፥ በገበያም በፍርድ መኖርን አያስቸግራቸውም።