የአንድ ፈርን ስያሜዎች ታሪክ

አንድ ዕፅ በየቋንቋው የተሰየመበትን ምክንያት መመርመር ለሙያ ቃላት ሥራ ያለውን ጥቅም ለማሳየት፥ በሳይንስ ስሙ አዲያንቱም ካፒሉስ ቬኔሪስ የተባለውን ፈርን በምሳሌነት እንወስዳለን። ዕፁ አበባና ዘር የለውም፤ በስፖር ይራባል። የቅጠሉ ዘንግ እንደ ጸጉር የቀጠነ፥ ጥቁርና አንጸባራቂ ነው። የሚበቅለውም ጥላ ባለበት፥ ውሃ በሚያንጠባጥብ የኖራ ድንጋይ ገደል፥ በፏፏቴ ዳርና በውሃ ጕድጓድ ግድግዳ ላይ ነው።

«አዲያንቶን» በግሪክ «የማይርስ» ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ምዕት ዓመት የተወለደው ቴዎፍራስጦስ፥ ቅጠሉ ውሃ ቢነካውም እንደማይርስ ጽፏል። ላቲን ግን ቅርጹን ተመልክቶ «የቬኑስ ጸጉር» አለው። ሊኔዎስ በ1753 እ.ኤ.አ. ሁለቱን አጣምሮ፥ የግሪኩን ለወገን፥ የላቲኑን ለዝርያ ስም አደረገ። ዘመናዊው ዕብራይስጥ ደግሞ ጸጉሩን ጠብቆ ባለቤቷን ለወጠ፤ በሙት ባሕር አጠገብ በዓይንጋዲ ምንጮች የሚታየው ይኸው ፈርን «የሱላማጢስ ጸጉር» ይባላል። ዐረብኛ በበኩሉ ቦታውን መርጦ «ኩዝበረት አል-ቢእር» ይለዋል፤ ቃል በቃል «የጕድጓድ ድንብላል» ማለት ነው።

ተርጓሚ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የዐረብኛውን የመድኃኒት መጽሐፍ ሲተረጕም «ድንብላል» ብሎ ቢያልፍ፥ አንባቢው ፈርኑን ትቶ ቅመሙን ይወስዳል። የፈረንሳይኛው «ካፒሌርም» ፈርኑንም፥ እጅግ ቀጭኑን የደም ሥርም ስለሚያመለክት፥ ዐውዱን ሳይመረምር የሚተረጕም ሰው ይሳሳታል።

ከዚህ እንደምንረዳው፥ ሰያሚዎች ከጠባይ፥ ከቅርጽና ከቦታ አንዱን መርጠዋል። የግሪኩ ስም ስለ ቅጠሉ እውነት ቢሆንም ስለ ዕፁ ሕይወት ያሳስታል፤ የፈርኑ ወንዴ ሕዋስ ወደ እንስቷ የሚደርሰው በውሃ ውስጥ ዋኝቶ ስለሆነ፥ «የማይርሰው» ዕፅ ያለ እርጥበት ዘር አይተካም። ስለሆነም በሳይንስ ጽሑፍ «አዲያንቱም» እንዲጸና፥ በተራው ጽሑፍ ግን ቅርጽንና ቦታን ያጣመረ «የምንጭ ጸጉር» እንዲባል እናሳስባለን።

ይሁንና ዕፁ በሀገራችንም ይበቅላልና፥ ቃሉ በመዝገበ ቃላት ከመስፈሩ በፊት ከየምንጩ ውሃ የሚቀዱት ሰዎች ምን ብለው እንደሚጠሩት መጠየቅ ይገባል። እኛ በጠረጴዛ ላይ የፈጠርነው ቃል በሕዝብ አፍ የሚኖረውን ሊቀብረው አይገባም።