ናይትረስ ወይስ ቱርቦ? ከጦር አውሮፕላን እስከ ቪትዝ

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። "ቲቸር፣ ቪትዝ ገዛሁ፤ ዳገት ላይ ግን ትሞትብኛለች። ግማሹ ጓደኛዬ ናይትረስ አስገባባት ይላል፣ ግማሹ ቱርቦ አስገጥምላት ይላል። የቱ ይሻላል?" ልጁ እንጀራው ያቺ መኪና ናት። ሊያወጣ ያሰበውም የዕቁብ ብር ነው። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ግን ይሄ ጥያቄ ታሪክ አለው፤ ያውም ትልልቅ አገሮች በጦርነት መሃል ሲመልሱት የነበረ ጥያቄ ነው። (ዓመቶቹ፣ ለይቼ ካልጻፍኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ችግሩ ምንድነው? ሞተር ቤንዚን ብቻ አይበላም፣ አየርም ይበላል። እኛ ያለንበት ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,840 ሜትር ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ጋር ሲነጻጸር 70 ከመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ ጃፓን ውስጥ 70 የፈረስ ጉልበት ተብላ የወጣች አንድ ሺህ ሲሲ መኪና እኛ ጋ ስትደርስ ሃምሳ ገደማ ይዛ ነው የምትሮጠው። መኪናዋ አልታመመችም፤ አየር አጥሯት ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ደረጃ ሲወጣ እንደሚያለከልከው ማለት ነው።

ይሄን ችግር መጀመሪያ አጥብቀው የተጋፈጡት የአውሮፕላን ሰዎች ናቸው። ቱርቦን ያሰበው አልፍሬድ ቡኪ የሚባል የስዊስ መሐንዲስ ነበር፤ የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው በ1905 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በማርሚታ በኩል በከንቱ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንድ መዘውር ያሽከረክር፣ ያ መዘውር ደግሞ በሌላኛው ጫፍ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባ። የሚባክነውን ለቅሞ መልሶ መጠቀም። ቀላል አልኩ እንጂ ለመሥራቱ ሃያ ዓመት ወስዷል። በ1920ዎቹ አጋማሽ ላይ ሁለት የጀርመን መርከቦች በዚሁ ዘዴ የናፍጣ ሞተራቸው ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ።

ከዚያ በፊት ግን በ1918 አሜሪካ ውስጥ እኔ በጣም የምወደው አንድ ሙከራ ተደርጓል። የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና አስጭኖ ኮሎራዶ የሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ ወጣ። ተራራው 4,302 ሜትር ነው፤ ከኛ ራስ ዳሸን ትንሽ ዝቅ ይላል። ሞተሩ ሜዳ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ተራራው ጫፍ ላይ ያለ ቱርቦ ሲነሳ 230 ሆነ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356! ተራራው የበላውን ሁሉ መለሰለት፣ ስድስት ጨመረለት። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ቱርቦ ስሙን ያስጠራው ለእሽቅድምድም ሳይሆን ልክ እንደ ደብረ ብርሃን ላለ አየር ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አሜሪካኖች ይሄንኑ ይዘው ገቡ። ቢ-17 ቦምብ ጣይ አራት ሞተር፣ አራት ቱርቦ ነበረው፤ እያንዳንዱ ሞተር 7,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይም 1,200 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። እና ጀርመኖች ለምን እንደዚያ አላደረጉም? እውቀቱ አጥሯቸው እንዳይመስላችሁ። የቱርቦ መዘውር በጋለ ጭስ ውስጥ ነው የሚሽከረከረው፤ ያንን የሚችል ብረት ኒኬልና ክሮም ይፈልጋል። ጀርመን ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ እነዚህ ማዕድናት ያጥሯት ነበር። ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለጉ፤ አየር ከውጭ መሳብ ካቃተን ለምን ይዘነው አንወጣም?

ናይትረስ ኦክሳይድ እዚህ ጋ ይገባል። ጋዙ አዲስ አልነበረም። ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1772 አግኝቶታል፤ ሃምፍሪ ዴቪ በ1799 ራሱ ላይ እየሞከረ ሲያስቅ አይቶ "የሳቅ ጋዝ" አሰኝቶታል፤ ሆረስ ዌልስ የሚባል የጥርስ ሐኪም ደግሞ በ1844 ለማደንዘዣ ሞክሮታል። እንግዲህ ከጥርስ ሐኪም ወንበር ተነስቶ ጦር አውሮፕላን ላይ ወጣ። ምስጢሩ ኦክስጅኑ ነው። ተራ አየር በክብደቱ 23 ከመቶ ገደማ ኦክስጅን ሲሆን ናይትረስ ግን 36 ከመቶ ነው። ሞተሩ ውስጥ ሲገባ በሙቀቱ ይፈርስና ኦክስጅኑን ይለቃል፤ ያኔ ተጨማሪ ቤንዚን ማቃጠል ይቻላል። ከጠርሙሱ ሲወጣ ደግሞ በጣም ስለሚቀዘቅዝ አየሩንም ያቀዘቅዘዋል። ጀርመኖች ጂኤም-1 አሉት፤ ወታደሮቹ ግን "ሃ ሃ መሣሪያ" ይሉት ነበር (ወታደር መቼም ቀልድ አያጣም)። ሜሰርሽሚት 109 ላይ ገጠሙት፤ አብራሪው በጣም ከፍ ሲልና ሞተሩ ሲደክም ይከፍተዋል፣ ለጥቂት ደቂቃ ጉልበት ያገኛል፣ ያመልጣል ወይም ያባርራል። ሲያልቅ አለቀ። የጠርሙሱ ክብደት ግን ከመነሻ እስከ ማረፊያ አብሮት ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የፈረስ ጉልበቱ ቁጥር ላይ አይደለም። ናይትረስ ስንቅ ነው፣ ቱርቦ እርሻ ነው። ናይትረስ ስለ ከፍታ ግድ የለውም፤ ኦክስጅኑን በጠርሙስ ይዞ ስለመጣ ጅቡቲም ደብረ ብርሃንም ያው ነው። ግን ያልቃል። አራት ኪሎ ተኩል የሚይዝ የመኪና ጠርሙስ ለትንሽ ሞተር በሚመጥን መጠን እንኳን ቢለቀቅ የሚቆየው ደቂቃዎች ነው። ሰው ጭናችሁ ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር ድረስ ያለውን ዳገት አስቡት፤ ገና ሳይጋመስ ጠርሙሱ ባዶ ነው። ከዚያስ የት ይሞላል? ሆስፒታል ሄዶ ማደንዘዣ ቅዱልኝ ሊባል ነው? አሜሪካ ውስጥ ለመኪና የሚሸጠው ራሱ ሰው እንዳይስበው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይጨመርበታል። በ2001 የወጣውን ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ ያያችሁ ልጆች ቁልፉን ተጭኖ መፈትለክን ነው የምታስታውሱት፤ እሱ የአንድ ሩብ ማይል እሽቅድምድም ነው፣ አሥር ምናምን ሰከንድ። የታክሲ ቀን ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።

"ታዲያ ቱርቦው ነዋ!" እንዳትሉኝ፣ ገና አልጨረስኩም።

በ1962 ጄኔራል ሞተርስ በአንድ ዓመት ሁለት ቱርቦ ያላቸው የቤት መኪኖች አወጣ። አንደኛው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ነው። ሞተሩ ኮምፕሬሽኑ 10.25 ለ 1 ነበር፤ ማለትም ያለ ቱርቦም አየሩን በጣም የሚጨምቅ። በዚያ ላይ የተጨመቀ አየር ሲጨመርበት ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ይቀጣጠላል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተን ይበሳል። ይሄን ለመከላከል ውሃና ሜታኖል ድብልቅ በተለየ ታንክ እየሞሉ እንዲነዱ አደረጉ። ሰው ደግሞ ሰው ነው፣ መሙላቱን ይረሳዋል። በስተመጨረሻ የብዙዎቹ መኪኖች ቱርቦ ተነቅሎ ተራ ካርቡራቶር ተገጠመላቸው። ሁለተኛዋ ሼቭሮሌት ኮርቬር ናት። እዚያ ግን መሐንዲሶቹ ኮምፕሬሽኑን ከ9 ወደ 8 ዝቅ አድርገው ነው ቱርቦውን የገጠሙት። ቀጥታ፣ ያለ ልዩ ፈሳሽ። ቱርቦዋ እስከ 1966 ድረስ ዘለቀ።

አሁን ወደ ቪትዝ ስንመጣ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደሯ አንድ ሺህ ሲሲ ሞተር ኮምፕሬሽኗ 10.5 ነው። ከጄትፋየርም በለጠ! ቱርቦ ይገጠምላት ማለት የጄትፋየርን ታሪክ ዕቁብ ከፍሎ መድገም ነው። በትክክል ይሠራ ከተባለ ፒስተኑ ይቀየራል፣ ቤንዚን መርጫው ይቀየራል፣ የሞተሩ ኮምፒውተር እንደገና ይስተካከላል፣ የሚገባውን አየር የሚያበርድ ተጨማሪ ራዲያተር ይፈለጋል። ቱርቦው ራሱ የሚለሰልሰው በሞተሩ ዘይት ስለሆነ ዘይት ቅየራ ማዘግየት አይታሰብም። ጃፓኖቹ ሲሠሩት እንዲህ ነው የሠሩት። ሆንዳ በ1982 ሲቲ ቱርቦን ሲያወጣ ከ1.2 ሊትር 100 የፈረስ ጉልበት አገኘ፣ ግን ሞተሩን ከውስጥ ቀይሮ ነው። ሱዙኪ በ1987 አልቶ ወርክስን በ543 ሲሲ 64 የፈረስ ጉልበት አድርሷታል፤ የጃፓን ፋብሪካዎችም ለእነዚያ ትንንሽ መኪኖች ያንን ቁጥር ጣሪያ አድርገውት እስከ ዛሬ አለ። እነዚህ የፋብሪካ ሥራ ናቸው፤ ጋራዥ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ የሚያልቁ አይደሉም።

አንድ ብልህ ልጅ ግን ሊከራከረኝ ይችላል። "ቲቸር፣ ደብረ ብርሃን ላይ 30 ከመቶ አየር ካጣን፣ ያጣነውን ብቻ የሚመልስ ትንሽ ቱርቦ ብገጥም እኮ ሞተሩ ባሕር ጠለል ላይ ያለ ነው የሚመስለው። ምን ይጎዳዋል?" ጥሩ ክርክር ነው፣ ሳንፎርድ ሞስም ያደረገው ይሄንኑ ነው። ችግሩ መኪናዋ ደብረ ብርሃን ታስራ አትኖርም። ከኮምቦልቻ ወርዳ በሚሌ ሰመራ ስትገባ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ተራው የቱርቦ መቆጣጠሪያ ግን የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ስንት እንደጨመረ ነው፤ እዚያም ያንኑ ይጨምራል። ደጋ ላይ ልክ የነበረው ቆላ ላይ ትርፍ ይሆናል፣ ያውም በአፋር ፀሐይ። ፒስተኑ የሚሄደው ያኔ ነው። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን ሞተር አቃጥሎ ሌላ ቪትዝ እገዛለሁ ማለት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ለልጁ የጻፍኩለት ይሄን ነው። ለሥራ መኪና ሁለቱንም ተው። ለጨዋታ መኪና ቢሆን፣ ጠርሙሱን የሚሞላ ካገኘህ፣ በጣም ትንሽ ናይትረስ ካልተገጠመ ቱርቦ ይሻላል፤ ቢያንስ ካልከፈትከው ሞተሩ እንደ ፋብሪካው ነው። ዕቁቡን ግን ለካንዴላ፣ ለአየር ማጣሪያ፣ ለፍሪሲዮንና ለጥሩ ጎማ አውጣው። ዳገት ላይ ሦስተኛ ማርሽ ይዘህ አትታገል፣ ቶሎ ወደ ሁለተኛ አውርድ፤ ሞተሩ ቢጮህ አትፍራ። ከመጠን በላይ ሰው አትጫን፤ አምስተኛው ተሳፋሪ ከየትኛውም ቱርቦ በላይ ልዩነት አለው።

ሲኖትራኩ ታዲያ በዚያው ዳገት ቱርቦውን እያፏጨ እንዴት ችሎ ይወጣል ለምትሉ፣ ናፍጣ ስለሆነ ነው። የናፍጣ ሞተር የሚጨምቀው አየር ብቻ ነው፤ ነዳጁ የሚረጨው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ቀድሞ የሚቀጣጠል ነገር የለም። ቡኪም ከመጀመሪያው ያሰበው ለናፍጣ ነበር። የእሱን ታሪክ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ፣ አሁን የሚታረም ፈተና አለኝ።