የዝንብ ቀለብ በቃሊቲ

ከመሀል አዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ሣሪስ አቦ ሲደርስ የከተማው መልክ እየተለወጠ ይሄድበታል። ከዚያ ወዲያ የሚበዛው መጋዘን፣ ፋብሪካና የከባድ መኪና መቆሚያ ነው። በሣሪስ ታቦታቸው የሚከበረው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በሥዕላቸው በአንበሳና በነብር ተከበው የሚታዩ ጻድቅ ሲሆኑ፣ ስድሳ አናብስትና ስድሳ አናምርት ይከተሏቸው እንደ ነበርና አራዊቱም የረገጡትን ትቢያ እየላሱ ይጠግቡ እንደ ነበር በትውፊት ይነገራል። ከዚያው ቁልቁል በቃሊቲ የተሠራው ቤት ግን በትቢያ የሚጠግብ እንግዳ አልገጠመውም። እንግዶቹ የቆላ ዝንቦች ናቸው፤ ወንዱም ሴቷም ከደም በቀር ሌላ ምግብ አያውቁም።

ሥጋ በል ወይም ደም መጣጭ ፍጥረት በሰው እጅ ሲያዝ የመጀመሪያው ችግር ቀለብ ነው። በኤውሮጳና በአሜሪካ እባብ የሚያረቡ ሰዎች ይህን ችግር የፈቱት በማቀዝቀዣ ነው። አይጡ ተገድሎና በረዶ ሆኖ ይሸጣል፤ ገዢው ከማቀዝቀዣው አውጥቶ በረዶውን ቀስ በቀስ ያቀልጣል፣ ከዚያም በሙቅ ውኃ ገላውን ካሞቀ በኋላ በረጅም መቆንጠጫ ለእባቡ ያቀርባል። የሞተ አይጥ እባቡን አይነክስም፤ ከወራት በፊት ተገዝቶም ሊቀመጥ ይችላል። ጀርመናዊው ሊቅ ቮልፍጋንግ ቦሜ እ.ኤ.አ. በ1977 ከኢሉባቦር በተገኘ ናሙና ለሳይንስ ያስተዋወቀው የኢትዮጵያ ደጋ እፉኝት ሳይቀር በባዕድ አገር በዚህ ዓይነት ቀለብ ይኖራል። ብዙ እባቦች የቀዘቀዘውን ሬሳ ዞር ብለው አያዩም፤ የሞቀ ሲሆን ግን ይቀበሉታል። በቃሊቲም የተደረገው በመሠረቱ ይኸው ነው፤ በአይጥ ፋንታ የከብት ደም፣ በእባብ ፋንታ ዝንብ ቀረበ እንጂ።

ዝንብ መቀለብ ለምን አስፈለገ ቢባል ምክንያቱ በሬው ነው። ዴቪድ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1895 በዙሉላንድ በታመሙ ከብቶች ደም ውስጥ ትሪፓኖሶም የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ካገኘ ወዲህ፣ የቆላ ዝንብና የገንዲ በሽታ ዝምድና ለሙያው ሰዎች ግልጽ ሆኗል። በኢትዮጵያ አምስት ዓይነት የቆላ ዝንቦች ይገኛሉ፤ መኖሪያቸውም የዓባይ፣ የዴዴሣ፣ የባሮ፣ የአኮቦ፣ የግቤና የኦሞ ሸለቆዎች፣ እንዲሁም የደቡብ ስምጥ ሸለቆ ነው። በእነዚህ ቆላዎች መሬቱ ለም፣ ውኃው ቅርብ ሆኖ ሳለ ገበሬው በሬ ማቆየት አልቻለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌሎች ክፍላተ ሀገር ወደ ምዕራብ ቆላ የሰፈሩት ሰዎች ይህን በራሳቸው ላይ አይተውታል። በደጋ በሁለት በሬ ያርስ የነበረ ሰው በሠፈራው ቦታ ከብቱ ከስቶ፣ ጠጉሩ ቆሞ፣ በመጨረሻም ከሜዳ ሳይነሣ ሲቀር ከመመልከት በቀር ምርጫ አልነበረውም። ዓለም አቀፍ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በግቤ ሸለቆ ባካሄደው ጥናትም መድኃኒቶቹ በተሕዋሱ መለመድ ምክንያት ኃይላቸው እየደከመ መሄዱ ታወቀ።

መካን ወንድ ነፍሳትን በመልቀቅ ዘርን የማጥፋት ዘዴ ተስፋ ያሳደረው በዚህ ጊዜ ነው። በጨረር የመከነ ወንድ ከዱር ሴት ጋር ሲገናኝ ልጅ አይወለድም። ኒፕሊንግ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ የጠነሰሰው ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1954 በኩራሳው ደሴት የከብት ቁስል የሚበላውን ትል አጥፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ የዛንዚባር ዋና ደሴት ኡንጉጃ ከቆላ ዝንብ ነጻች፤ ለዚህም ከ8 ሚሊዮን በላይ መካን ወንዶች ተለቀዋል። ነገር ግን የቁስሉ ትል እናት በአንድ ጊዜ እንቁላሏን በመቶ ስትጥል፣ የቆላ ዝንብ ሴት ግን በማሕፀኗ አሳድጋ የምትወልደው በዘጠኝ ወይም በዐሥር ቀን አንድ እጭ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ወንድ ለመልቀቅ እጅግ ብዙ እናቶች መቀለብ አለባቸው። እናቶቹም በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ ያህል ደም ይፈልጋሉ።

ደሙ ከየት ይምጣ? በመጀመሪያ የተሞከረው ሕያው እንስሳ ነበር። በሊዝበን ዝንቦቹ በጊኒ ፒግ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 በብሪስቶል አጠገብ በላንግፎርድ በተቋቋመው ቤተ ሙከራ በፍየል ላይ፣ በሌላም ስፍራ በጥንቸል ጆሮ ላይ ይመገቡ ነበር። ፍየሏ ወይም ጥንቸሏ በየተራ ታስራ ዝንብ የተሞላ ቅርጫት ይታሰርባታል። ለጥቂት ሺህ ዝንቦች ይህ ይቻል ይሆናል፤ ለሚሊዮን ግን አይታሰብም፤ የእንስሳቱም ሥቃይ ቀላል አልነበረም። በስስ ሽፋን ሥር ደም አስቀምጦ ማጥባት እንደሚቻል ሮዳን የተባለው ቤልጂጋዊ ሐኪምና ጓደኞቹ በኮንጎ እ.ኤ.አ. በ1912 ዓ.ም. አካባቢ ሞክረውት ነበር፤ ዘዴው በሰፊው የሠራው ግን በ1970ዎቹ ዓመታት የሲሊኮን ሽፋን ከተገኘ በኋላ ነው።

የደሙ አዘገጃጀት ከእባብ አርቢው ሥራ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ደሙ በቄራ ሲሰበሰብ እንዳይረጋ ወዲያው ይማሰላል፤ የሚረጋው ክር ተለይቶ ይወጣል። ከዚያም ተሕዋስ እንዳይቀርበት 1 ኪሎግሬይ ያህል የጋማ ጨረር ይሰጠውና ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ይህም ሆኖ ቀጥታ ወደ ገበታ አይቀርብም። የከብቱ መኖ፣ የተወጋው መድኃኒት ወይም የተረጨው ፀረ ተባይ በደሙ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል፣ ከየክምችቱ ጥቂቱ ተወስዶ ለተመረጡ ዝንቦች ለ25 ቀን ያህል እየተሰጠ ይፈተናል። እነዚህ ዝንቦች እንደ ጥንቱ የቤተ መንግሥት ቀማሾች ናቸው፤ እነርሱ ደኅና ከሆኑና ልጆቻቸው ከከበዱ ደሙ አለፈ ማለት ነው። ያለፈው ደም በረዶው ቀልጦ በሚሞቅ ገበታ ላይ በስሱ ይፈስሳል፣ በሲሊኮን ሽፋን ይለበጣል፣ ወደ 37 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ቅርጫቱ በላዩ ሲቀመጥ ዝንቦቹ ሙቀቱን ተከትለው ሽፋኑን በመንቆራቸው ይወጋሉ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሆዳቸው ቀልቶ ይነፋል።

በኢትዮጵያ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ዓላማው በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት እገዛ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ከዝንቡ ነጻ ማውጣት ነበር። በ1999 ዓ.ም. የቃሊቲው የዝንብ ማራቢያና ማምከኛ ማዕከል ተመረቀ። የዘር ዝንቦች ከአርባ ምንጭ አካባቢ ተይዘው ነበር፤ ገና ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦስትሪያ ከቪየና ወጣ ብሎ በሚገኘው በዛይበርስዶርፍ ቤተ ሙከራም ይኸው የአርባ ምንጭ ዘር ይረባ ነበር።

ችግሩም የመጣው ከዚሁ ዘር ጋር ነው። የዛይበርስዶርፉ የአርባ ምንጭ ዘር ልጅ መውለዱ እየቀነሰ፣ ወንዶቹ እየመከኑ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2002 ፈጽሞ ጠፋ። ዝንቦቹ ሲከፈቱ የምራቅ ዕጢያቸው ከልክ በላይ አብጦ ተገኘ፤ ምክንያቱ የቆላ ዝንብ ቫይረስ ነበር። ይህ ቫይረስ በዱር ከመቶ ጥቂቶቹን ብቻ ያሳብጣል። በማራቢያ ቤት ለምን አየለ የሚለው ጥያቄ መልሱ የተገኘው በገበታው ላይ ነው። ያበጠ ዕጢ ያለው አንድ ዝንብ በአንድ አመጋገብ ብቻ በአማካይ 10 ሚሊዮን ያህል የቫይረስ ቅጂ ከምራቁ ጋር ወደ ደሙ ይለቃል። በየቤቱ ልማድ ደግሞ አንዱ ቅርጫት ከጠገበ በኋላ ሌላው በዚያው ደምና በዚያው ሽፋን ላይ ይተካ ነበር፤ ደም ውድ ነውና ይህን ማንም እንደ ጥፋት አልቆጠረውም። በጨረርና በበረዶ የነጻው ደም በራሳቸው በተመጋቢዎቹ አፍ ይበከል ነበር ማለት ነው።

በቃሊቲም የዚህ የዝንብ ዓይነት ቁጥር እንደ ታሰበው እንዳያድግ ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኛው ይኸው ቫይረስ ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት በደሜ ሸለቆ መካን ወንዶች ተለቅቀዋል፤ የተለቀቁት ግን መጀመሪያ ከታቀደው ብዛት እጅግ ያነሱ ነበሩ። የዘመቻው ዜና በተነገረ ቁጥር አውሮፕላኑና ጨረሩ ሲወሳ፣ ሥራውን ወደ ኋላ የያዘው የማዕድ ጉዳይ ግን እምብዛም አልተነሣም። ይህ በሙያው ታሪክ ውስጥ ተገቢ ቦታውን ማግኘት አለበት።

መፍትሔው የተረጋገጠው በዛይበርስዶርፍ ከተደረገ የዓመታት ሙከራ በኋላ ሲሆን፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ። ለእያንዳንዱ ቅርጫት ሌላ ያልነካው ትኩስ ደም ሲሰጥ እብጠቱ እየቀነሰ ሄዶ ከጊዜ በኋላ ከመንጋው ጠፋ። ለሰው ቫይረስ የሚታዘዘው ቫላሳይክሎቪር የተባለው መድኃኒት በደሙ ውስጥ ሲጨመርም የቫይረሱ ብዛት ይቀንሳል። ይሁን እንጂ አንድ ገበታ ለአንድ ቅርጫት ከሆነ፣ ከቄራው የሚመጣው ደም፣ የሚቀልጠው በረዶ፣ የሚታጠበው ሽፋንና የሠራተኛው ድካም በዚያው ልክ ያድጋል። መብራት በሚቋረጥበት ከተማ ማቀዝቀዣው ራሱ ጠባቂ ይፈልጋል። ባጀት የሚያወጣ ሰው የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው፤ ለዝንብ ይህን ያህል ደም ለምን ያስፈልጋል ብሎ ለሚጠይቅ ሹም የበሬውን ዋጋ አስልቶ ማሳየት ያሻል።

እ.ኤ.አ. በ1967 በጋምቤላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው የሰው የእንቅልፍ በሽታ፣ ከ30 ዓመት በላይ ድምፁ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ማለቂያ ገደማ በደቡብ ኦሞ እንደገና መታየቱ ተገለጸ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ዝንብ ዛሬም በኦሞ ሸለቆ ከከብቱም ከሰዉም ደም ይመገባል።